«ጥቁር ነኝ፤ ያላወቅሽው አንቺ ነሽ»

አንዲት እናት የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ሆቴል አጸዳለሁ፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ እቀበላለሁ። ከልጆቼ አባት ጋር ከተለያየን አራት ዓመት ሆኖናል፤ ከባድ መኪና ይነዳል፣ በወር አንድ ጊዜ ይመጣል። እዚሁ የተወለደው ወንዱ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ እኅቱ 6። እስከ አምስተኛ ክፍል ጎበዝ ነበር። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ከትምህርት ቤት ታገደ፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ‹አክብሮት ማጣት› የሚል ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ፖሊስ ከጓደኞቹ ጋር አስቁሞ ቦርሳቸውን በረበረ። ‹ለምን እንደ ጥቁሮቹ ትሆናለህ? አንተ እኮ ሐበሻ ነህ› ስለው ‹ጥቁር ነኝ፤ ያላወቅሽው አንቺ ነሽ› አለኝ። ጎረቤቴ ልጇን አዲስ አበባ ልካው ተስተካክሎ መጣላት። የኔም እናት ትቀበለዋለች። ልላከው ወይ? ካልላክሁትስ ምን ላድርግ?»

አይላኩት። መልሴ ይኸው ነው፤ የቀረው ምክንያቱና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። ነገር ግን ከጥያቄው ይልቅ ያሳሰበኝ «አንተ እኮ ሐበሻ ነህ» ያሉት ነው። የልጅዎን መልስ እንደ ድፍረት ቆጥረውታል። በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ስሠራ ያንኑ መልስ ከብዙ ሐበሻ ልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ድፍረት ሆኖ አይታየኝም። ልጁ ያየውን ነው የነገረዎት።

እርስዎ አገር ቤት ሲያድጉ የማን ልጅ፣ የየት ሰፈር፣ ከየት ወገን ተብለው ነው የሚታወቁት። ቀይ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እንባባላለን እንጂ ሱቅ ሲገቡ ባለሱቁ እጅዎን በዓይኑ አይከተልም ነበር። ልጅዎ ሐበሻነቱን የሚያውቀው ከቤት ነው። ከበሩ ሲወጣ የሚጠብቀው ሌላ ስም ነው፤ ስሙንም የመረጠው እሱ አይደለም። ይህን የሚጠራጠር ሰው ሲገጥመኝ ሙሉጌታ ሥራውን አስታውሰዋለሁ። ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ወጣቶቹን በመቀስቀስ የተከሰሰው የዘረኞች ድርጅትና አብረውት የተከሰሱት በድምሩ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፍርድ ቤት በ1990 ፈረደባቸው። ሙሉጌታን ግን ከመምታታቸው በፊት ከየት አገር እንደ መጣ የጠየቀው አልነበረም።

ነገሩ ሁልጊዜ ዱላ አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ተማሪዎችንና ፖሊሶችን የልጆች ፎቶግራፍ እያሳየ ዕድሜ ሲያስገምት፣ በከባድ ወንጀል ተጠርጥረዋል የተባሉ ጥቁር ወንዶች ልጆች ከእውነተኛ ዕድሜያቸው በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ ተጨምሮባቸው ተገኙ፤ ጥፋት ሲሠሩም እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ዐዋቂ ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ክሊቭላንድ ውስጥ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ መናፈሻ ውስጥ ሲጫወት የነበረው የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በፖሊስ ጥይት ተመትቶ ሲወድቅ፣ በሬዲዮ የተላለፈው መልእክት የተመታው ጥቁር ወንድ ምናልባት 20 ዓመት ይሆነዋል የሚል ነበር። አሁን ልጠይቅዎት፤ ልጅዎ ዘንድሮ ምን ያህል አደገ? ድምፁ ጎረነነ? ካምናው ጫማው ስንት ቁጥር ጨመረ? ለእርስዎ ገና ትናንት ያዘሉት ሕፃን ነው። አምና ክፍል ውስጥ ሲያላግጥ «ልጅ ነው» ተብሎ ይታለፍ የነበረው ግን ዘንድሮ ያንኑ ሲደግም «ያስፈራራል» ተብሏል። ጠባዩ የተለወጠውን ያህል የሚያዩት ሰዎች ዓይንም ተለውጧል።

«አክብሮት ማጣት» የሚለው ቃል የሚያስጨንቀኝም ለዚህ ነው። ሲጋራ ማጨስ፣ መስታወት መስበር፣ ከግቢ መጥፋት፣ እነዚህ ሁሉ ተደርገዋል ወይም አልተደረጉም የሚባሉ ነገሮች ናቸው። አክብሮት ግን የሚለካው በተመልካቹ ሚዛን ነው። በ2002 የወጣና እስካሁን የሚጠቀስ ጥናት እንዳሳየው፣ ነጭ ተማሪዎች ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ በብዛት የሚላኩት በመጀመሪያው ዓይነት ጥፋት ሲሆን፣ ጥቁሮቹ የሚላኩት በሁለተኛው፣ ማለትም በንቀት፣ በጩኸትና በማስፈራራት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብና የሥራ ተቆጣጣሪ ቢሮ በ2018 ይፋ ባደረገው ሪፖርትም ጥቁር ተማሪዎች ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 15.5 በመቶ ሆነው ሳለ ከታገዱት መካከል 39 በመቶ ያህሉ እነሱ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ የድኾችም ሆነ የሀብታሞች ልዩነቱ አልጠፋም።

በእኛ ልጆች ላይ ደግሞ አንድ የራሳችን ነገር ይጨመራል። ታላቅ ሲቆጣ አንገት መድፋት፣ ዓይንን መሬት ላይ መትከል፣ መልስ አለመስጠት፤ እርስዎ ያስተማሩት ይህንን ነው። አሜሪካዊቷ መምህር ግን ስትናገረው ዓይኗን የማያያትን ልጅ እንደ ናቃት ትቆጥረዋለች። «ስናገርህ እየኝ» ትለዋለች። ቀና ብሎ ካያት እናቱ የከለከለችውን አደረገ፤ ካላያት ደብዳቤ ተጻፈበት። በእኔ ጠረጴዛ ፊት ስንት ልጅ በዚህ ጉዳይ እንደ ተቀመጠ ቆጥሬ አልጨርስም።

ይህን ሁሉ ያልሁት ልጅዎ ምንም አላጠፋም ለማለት አይደለም። ምናልባት ክፉ ቃል ተናግሯል። የ13 ዓመት ልጅ ክፉ ቃል ይናገራል። ለተናገረው ቃል ይጠየቅ፤ ነገር ግን የነጭ ጓደኛው ጥፋት በአንድ ምክር ሲታለፍ የእሱ በአምስት ቀን እገዳ የሚቀጣ ከሆነ፣ ከአምስቱ ቀን ጋር የሒሳቡም ትምህርት፣ የስፖርት ቡድኑም ቦታ፣ በትምህርት ቤቱ ላይ የነበረውም እምነት ይሄዳል። ሁለተኛው እገዳ ከመጀመሪያው የሚቀልለው እምነቱ አስቀድሞ ስለ ሄደ ነው።

ወደ «እንደ ጥቁሮቹ» ልመለስ። ይህን ቃል በተመለከተ ትንሽ ልቆጣዎት ነው፤ ይታገሡኝ። ዛሬ ሐበሻ ምግብ ቤትና ገበያ የሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በተሸነሸኑት መንደሮቹ የቤት ውሎች ላይ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ የሠፈረበት ከተማ ነበር። ጥቁር ሰው በእነዚያ ቤቶች ማደር የሚችለው በአገልጋይነት ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1948 ሲሆን፣ የመኖሪያ ቤት አድልዎ በአገር አቀፍ ሕግ የተከለከለው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ በሚያዝያ 1968 ነው። በመሐሉ ነጩ ቤተሰብ በመንግሥት ዋስትና ቤት ገዝቶ ለልጁ አወረሰ፤ ጥቁሩ ባንክ ብድር በማይሰጥበት ሰፈር ተከራይቶ ኖረ። ዛሬ የምናየው የሀብት ልዩነት አንዱ ትልቅ ሥሩ ይህ ነው፤ ስንፍና አይደለም። በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን የስደተኞች መግቢያ ኮታ ያፈረሰው የ1965ቱ ሕግ የወጣውም እነዚሁ ሰዎች ደማቸውን አፍስሰው የሲቪል መብት ሕግን ካስወጡ በኋላ ነው። እኔም እርስዎም በዚያ በር ነው የገባነው።

«ጥቁሮቹ ልጆቻቸውን ይጥላሉ» የሚለውም የቡና ላይ ወሬ ነው። የአገሪቱ የጤና ስታትስቲክስ ማዕከል በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ጥቁር አባቶች ልጅ በማጠብ፣ በማልበስና በማብላት ከሌሎቹ አባቶች የማያንሱ፣ በአንዳንዱም የሚበልጡ ሆነው ተገኝተዋል። ታሪካችንንም ቢያስታውሱ፣ ሐኪሙ መላኩ በያን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን እነዚህኑ ሰዎች ለኢትዮጵያ ያስተባበረ ሰው ነው። ከቺካጎ የመጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1935 የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች እየመራ ተዋግቶ፣ ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሠልጥኖ፣ አፈሩም አዲስ አበባ ነው።

ልጅዎ አማርኛ አይናገርም ይሆናል፤ ይሰማል ግን። ሴቶቹ ቡና ላይ ተሰብስበው ስለ ፎቁ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤት ሲያወሩ፣ ከጌታና ከሎሌ ዘመን የተረፈችውን ያቺን ቃል ሲጥሏት ክፍሉ ውስጥ ጆሮው ላይ የሰካው ነገር ሙዚቃ እያሰማው ይመስላችኋል። ይሰማል። ከዚያ በማግሥቱ መንገድ ላይ እሱን የሚመስለውን ልጅ ያያል፤ ራሱንም በመስታወት ያያል። እናቴ የምትንቀው እኔን ነው ብሎ ቢደመድም በምን ልንከራከረው ነው? ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እቤት ውስጥ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ያቺ ቃል ከቤትዎ ትውጣ። «ሐበሻ ነህ» የሚለውን «ጥቁር አይደለህም» ማለት ሳይሆን «ይህም አለህ» ማለት ያድርጉት። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ይቆማሉ፤ እንዲመርጥ ካስገደድነው ግን የሚመርጠው ከቤት ውጪ ያለውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚኖረው እዚያ ነውና።

አሁን ስለ ኑሮው። ከሐሙስ እስከ እሑድ ማታ ሥራ ላይ ነዎት። ታዲያ ለ6 ዓመቷ እራቷን የሚያበላት፣ የሚያስተኛት፣ በር የሚቆልፈው ማን ነው? ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉትም፤ እኔ ግን እሱ ነው ብዬ እገምታለሁ። እርስዎ እስኪገቡ ነቅቶ የሚጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ በስልኩ እየተጫወተ እኩለ ሌሊት የሚያልፍበት፣ በማለዳ አውቶቡስ የሚይዝ ልጅ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚነጫነጭ ከሆነ የሥነ ምግባር ጉድለት ብዬ አልጽፍበትም፤ እንቅልፍ ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠሩት ወደው አይደለም፤ የዚህ አካባቢ የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደ ሆነ አውቃለሁ። ግን አንዱን የማታ ፈረቃ ለመቀየር ወይም ትንሿን ለሁለት ምሽት የምትይዝ ዘመድ ወይም ጎረቤት ለመፈለግ የሚከፈለው ዋጋ፣ ለአውሮፕላን ትኬት ከሚያወጡት ያንሳል።

«እስከ አምስተኛ ክፍል ጎበዝ ነበር» ያሉትም ፍንጭ አለው። እስከ አምስተኛ ክፍል አንዲት መምህር ቀኑን ሙሉ ታውቀዋለች። ከስድስተኛ ጀምሮ በቀን ስድስት ሰባት መምህር ይፈራረቅበታል፤ አንዱም በደንብ አያውቀውም። የሚነበበውም ይረዝማል። ቀድሞ በብልጠቱ የሸፈነው የማንበብ ችግር ወይም ትኩረት የመያዝ ችግር እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ ወንድ ልጅ ደግሞ «አልገባኝም» ከማለት ክፍል አስቆ መባረርን ይመርጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ እንዲመረምረው በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ቅጂው በእጅዎ ቀርቶ። ከ1975 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቱ ጥያቄዎን ችላ ማለት አይችልም፤ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ይህ ሲባል ግን ይጠንቀቁ። ጥቁር ወንዶች ልጆች «የስሜት መታወክ» በሚል ስም ከክፍል ጓደኞቻቸው ተለይተው የሚቀመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። የምርመራ ውጤቱ ሲቀርብልዎት በዚያው ቀን አይፈርሙ፤ ቤት ወስደው፣ አስተርጉመው፣ የሚያውቅ ሰው አማክረው ይመለሱ።

ስለ መላኩ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የጎረቤትዎ ልጅ ተስተካክሎ መጣ አሉኝ። ደስ ይለኛል። ሳይስተካከል የመጣው ልጅ እናት ግን ቡና ላይ አታወራም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ እንዳይሆን። ልጅዎ ፊደል ያነባል? ካላነበበ በ13 ዓመቱ የትኛው ክፍል ሊገባ ነው? በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ክፍያ በሁለቱም ደመወዝዎ የሚሸፈን አይመስለኝም። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት የአባቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። እናትዎ ይቀበሉታል፤ ግን በእርጅና ዘመን አንድ የተቆጣ ጎረምሳ፣ ያውም በማይግባቡበት ቋንቋ፣ ሸክም ነው። ከሁሉ በላይ ልጁ የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አጠፋሁ፣ ተባረርሁ። ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ አግዶታል፤ ሦስተኛው እገዳ የእናቱ ይሆናል። በ16 ወይም በ17 ዓመቱ ሲመለስ ደግሞ ቀለሙ ያው ነው፤ ቁመቱ ጨምሯል፤ እኩዮቹ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ እሱ የጎደሉ ትምህርቶችን ይቆጥራል፤ በዚህ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚኬድም አልተማረም። ክረምቱን ልከውት አያቱን ቢያይ፣ የአጎቶቹን ልጆች ቢያውቅ፣ ሁሉም ሰው እሱን በሚመስልበት ከተማ ሁለት ወር ቢውል ግን እጅግ ይጠቅመዋል። ያ በሽልማት የሚሰጥ እንጂ በቅጣት የሚታዘዝ አይደለም። ከዚህ የምለየው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ በወሮበላ ቡድን ሕይወቱ አደጋ ላይ ከወደቀ ቶሎ ከሰፈሩ ይራቅ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የማስበው በሌላ ስቴት ያለ ዘመድ ነው።

ሰፈር መቀየርስ? አላነሡትም፤ ሌሎች ወላጆች ስለሚጠይቁኝ ነው። በ2015 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከድኻ ሰፈር ወደ ተሻለ ሰፈር የተዛወሩ ቤተሰቦችን ተከትሎ፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩ ልጆች ሲያድጉ ገቢያቸው በ31 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም። ለትንሿ ሊያስቡበት ይችላሉ። ለእሱ ጓደኞቹን ማጣት ከጥቅሙ ይበልጣል።

ፖሊስን በሚመለከት ልጁን ቁጭ አድርገው ያነጋግሩት። ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ይህን ንግግር ለልጆቻቸው ሲያወርሱ ኖረዋል፤ እኛ ዘግይተንበታል። ሲያስቆሙህ አትሩጥ። እጅህ ይታይ፤ ኪስህ ውስጥ አትክተት። ድምፅህን አታንሣ። «መሄድ እችላለሁ?» ብለህ ጠይቅ። ቦርሳህን ልፈትሽ ሲሉህ «አልፈቅድም» ማለት ትችላለህ፤ ከፈተሹ ግን በእጅህ አትከልክል። ጥያቄ ከመጣ ስምህን ተናግረህ «እናቴንና ጠበቃ እፈልጋለሁ» በል፤ ከዚያ ዝም በል። ትምህርት ቤት ውስጥ ሕጉ ይላላል፤ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ለፍተሻ የሚያስፈልጋቸው ምክንያት ከፖሊስ ያነሰ ነው። ፖሊስ ትምህርት ቤት መጥቶ ልጅን ሲጠይቅ ግን፣ ልጁ መሄድ እንደሚችል ይሰማው ነበር ወይ የሚለው ሲመዘን ዕድሜው መታየት እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ወስኗል። የዚያም ጉዳይ ባለቤት የ13 ዓመት ልጅ ነበር። በሜሪላንድ ደግሞ በ2022 በወጣ ሕግ በቁጥጥር ሥር የዋለ ልጅ ከመጠየቁ በፊት ጠበቃ ማነጋገር አለበት። ይህን ሁሉ ሲነግሩት ግን «እንዲህ ካደረግህ ምንም አትሆንም» አይበሉት፤ ሐሰት ይሆናል። ሚኒሶታ ውስጥ በ2016 በፖሊስ የተገደለው የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ ፊላንዶ ካስቲል በትሕትና ሲናገር ነበር። ይህ ንግግር አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ልጁ ይህንንም ማወቅ ይገባዋል።

ዱላን አላነሡም፤ እኔ አነሣዋለሁ። ልጅ ሲታገድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚከተል አውቃለሁና። የትምህርት ቤት ሠራተኛ በልጅ ገላ ላይ ምልክት ካየ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለበት፤ እኔም አለብኝ። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ውጪ እንደ ወንጀለኛ የሚታይ ልጅ ቤት ገብቶ ሲመታ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ስልኩን ይውሰዱበት፣ መውጫውን ይከልክሉት፣ ሳህን ያሳጥቡት። እጅዎን ግን ይሰብስቡ።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። አባትየው በወር አንድ ጊዜ መምጣቱ ያናድድዎት ይሆናል፤ በመካከላችሁ ያለውን አላውቅም። ግን መንገድ ላይ ሆኖ በየማታው በተወሰነ ሰዓት ሩብ ሰዓት ቢደውልለት፣ እርስዎም ያንን ሩብ ሰዓት በቅሬታ ባይሞሉበት፣ ከወርሃዊው ጉብኝት ይበልጣል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥቁር ወንድ መምህር፣ አሠልጣኝ ወይም አማካሪ ይፈልጉለት። በሰሜን ካሮላይና የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እጅግ ከተቸገሩ ቤተሰቦች የመጡ ጥቁር ወንዶች ልጆች ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ባለው ጊዜ ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር ካገኙ፣ ሁለተኛ ደረጃን የማቋረጥ ዕድላቸው በ39 በመቶ ይቀንሳል። የልጅዎ ዕድሜ ከዚያ አልፏል፤ ቁጥሩ እንዳለ ይሠራል አልልም። ነገር ግን እሱን የሚመስል ሰው በክብር ሠርቶ ሲኖር በየቀኑ ማየት ለአንድ ጎረምሳ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም የመስጊዳችሁ ጎልማሶች ቢረዱ መልካም፤ የፎቁ ጎረቤት ግን እርስዎ ያላለፉበትን መንገድ አልፏል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይውል ሳያድር ይመልከቱ። በዚህ ዕድሜ የወንድ ልጅ ኀዘን ብዙ ጊዜ ቁጣ መስሎ ይመጣል። ምግብ ከቀነሰ፣ የሚወደውን ጨዋታ ከተወ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» ዓይነት ነገር ካመለጠው፣ ይህ ምላሽ የሚረዳው አይደለምና በዚያው ዕለት ሐኪም ጋ ይውሰዱት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለባቸው ወደሚረዳው የስልክ መስመር፣ 988፣ ይደውሉ። «የእኛ ልጅ እንዲህ አያስብም» ብለው አያሳልፉት።

ለዚህ ሳምንት የማዝዝልዎት አንድ ሥራ ነው። ለርእሰ መምህሩ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ በአማርኛ ቢሆንም ይቀበላሉ፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች አማርኛን ከሚተረጉሟቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርገውታልና። ሁለቱ እገዳዎች በምን ቃል፣ በምን ድርጊት፣ በማን ምስክርነት እንደ ተጣሉ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 በወሰነው መሠረት ልጁ ከመታገዱ በፊት የተከሰሰበትን ሰምቶ የራሱን የመናገር መብት አለው፤ ዕድሉን አግኝቶ እንደ ሆነም ይጠይቁ። ምርመራውን በዚያው ደብዳቤ ያመልክቱ። ስብሰባ ያስይዙ፤ አባትየው በስልክ ይግባ። ከሥራ ሲገቡ ልጁ ነቅቶ ካገኙት ደግሞ ያ ፖሊስ ሜትሮው አጠገብ ምን እንዳለው ይጠይቁት፤ ሳያቋርጡ፣ ሳይመክሩ ይስሙት። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህን ጠየቅሁት አላሉኝም። በስብሰባውም ላይ አጠገብዎ ይቀመጥ፣ የሆነውንም በራሱ አፍ ይናገር። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ በነጻ። ስለ ራሱ የተጻፈውን ክስ ለእናቱ እንዲተረጉም ግን ልጁን አያድርጉት፤ ቢጠይቁዎትም እምቢ ይበሉ።